ያልተቀደደው ጆሮ

ለእህቴ ለዘሀቢያ፣ ጎንደር

አሰላሙ ዓለይኩም። የደጋው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ከመተማ ሙቀት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሰሊጡ ገብቷል፤ ደብዳቤዬን የሚያደርስልሽም የሰሊጥ መኪና የሚነዳው ሳጂድ ነው። ስልኬ አባባ ዘንድ ስለሆነ አትደውይልኝ።

ከማላውቀው ወንድ ጋር ተቃቅፌ የሚያሳየኝ ፎቶ እናንተም ዘንድ ደርሶ ይሆናል። የምረቃ ፎቶዬን ወስደው በሰው ሠራሽ አስተውሎት የፈጠሩት ነው። ለአባባ ባስረዳቸው «ሰው ያላየውን ማሽን ከየት ያመጣዋል?» አሉኝ። በምረቃዬ ተከናንቤ ስለነበር፣ ማሽኑ ራሴን ሲገልጠው ጆሮዬን ከራሱ ፈጥሮ ሙሉ አድርጎታል። በልጅነቴ ጉትቻ የቀደደውን ግራ ጆሮዬን ሻሼን አውልቄ አሳየኋቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከስልኩ አላነሱም።

እማዬ ሙሽራ የሚታሽበትን ድልካ ከገላባት አስመጥታለች። «ለማን ነው?» ስላት «ከቤት አይጥፋ ብዬ ነው» አለችኝ። ልብስ ሰፊዋ ሐሚዳም ሳልጠራት መጥታ ለካችኝ።

«ወፍረሻል አንቺ!» ብላ ሳቀችብኝ።

«የበሩ ቁልፍ አባባ ኪስ ውስጥ ሆኖ የት ልራመድ?» አልኳት።

አብደራፊ ላይ ሰፊ እርሻ ያላቸው አንድ አዛውንትም ከአባባ ጋር ሲጫወቱ ዋሉ። «ፎቶውን አይቻለሁ፤ ግድ የለኝም» ሲሉ በመጋረጃው በኩል ሰማኋቸው።

እኔ ግን ግድ አለኝ።

ጆሮዬ የተቀደደ ቀን ደሙን የጠረግሽልኝ አንቺ ነሽ፤ አባባም ያንቺን ቃል ያምናሉ። ሳጂድ ወደ መተማ ሲመለስ ጋቢናው ባዶ ነው።

ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ አላህ ሳይረፍድ ያገናኘን። ቀሚሱ ተሰፍቶ መጥቷል። አልለበስኩትም።

ጆሮዋን የምታውቂላት እህትሽ፣
ረፊቃ