ለማኅበሩ የጠመቅኩት ቢራ

ውብዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ ጥቅምት ገብቷል። ጉልበቴን ካልቆጠርነው ጤናዬ ደህና ነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ላለቅስብሽ አይደለም፤ ልፎክርብሽ ነው። ባልሽ ጠማቂ ሆኗል።

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። ያን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር እኔ ጓዳ የገባሁት አይጥ ለማባረር ብቻ ነበር። ለሚካኤል ማኅበር ጠላ ስትጠምቂ ድርሻዬ ጋኑን ማንሳትና "ደረሰ ወይ?" እያልኩ መመላለስ ነበር።

መጀመሪያ የሰፈሩን ልንገርሽ። ዶሮ ማነቂያ አብዛኛው ፈርሷል። የቀረው እኛ ያለንበት ጠርዙ ነው። ድሮ ከበራችን ቆመሽ የምታዪው የእትዬ ደስታን አጥር ነበር፤ አሁን ሰፊ መንገድና መብራት ነው። ያምራል፣ አልዋሽሽም። ሰው ግን የለም። እትዬ ደስታ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሄደዋል። የማኅበራችን ሰውም አንዱ ወዲያ አንዱ ወዲህ ተበትኗል።

የጥመቃውን ነገር ያመጣችብኝ ልጃችን ሶስና ናት። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን "አባዬ፣ ዛሬ ሌላ ቦታ ነው የምጋብዝህ" ብላ ከቸርችል ጎዳና ገባ ብሎ ወዳለ ትንሽ ቤት ወሰደችኝ። ቢራውን እዚያው ነው የሚጠምቁት፤ ከባንኮኒው ጀርባ በመስታወቱ ውስጥ ትልልቅ የብረት ጋኖች ይታያሉ። ዕድሜ ልኬን አንድ ዓይነት ድራፍት የጠጣሁ ሰው፣ በትንንሽ ብርጭቆ የተለያየ ቢራ ተደረደረልኝ። አንዱ ጥቁር ነው፤ የተቆላ ገብስ ይሸታል። አንዱ ደግሞ ደፍረስ ያለ ቢጫ ነው፤ ቀመስ ባደርገው ሙዝ ሙዝ አለኝ። ጠማቂው ይጠራልኝ ብል ቦቲ ጫማ ያደረገች ልጅ መጣች። ህሊና ትባላለች።

"ልጄ፣ ቢራው ውስጥ ሙዝ ትጨምራላችሁ እንዴ?" አልኳት።

"አንጨምርም ጋሼ። ያንን ሽታ የሚያወጣው እርሾው ነው።"

"ታዲያ ምንድን ነው ያለበት?"

"ብቅል፣ ውሃ፣ እርሾ፣ ሆፕስ የሚባል መራራ አበባ። ሌላ የለውም።"

ብቅል ስትል ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። ቃሉን ካንቺ አፍ በቀር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ለካ ቢራ የጠላሽ ዘመድ ኖሯል።

በሳምንቱ ትልቅ ድስት፣ ክዳን ያለው ባልዲና የሙቀት መለኪያ ገዛሁ። እርሾውን ህሊና በጠርሙስ ሰጠችኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በየቤታቸው የሚጠምቁ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ የየራሳቸውን ይዘው እየመጡ ይቀማመሳሉ። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ነው የሚጠምቀው። ከመሀላቸው በዕድሜ ትልቁም፣ ምንም የማያውቀውም እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ኮመጠጠ። ሶስና አንድ ጊዜ ቀምሳ "ለሰላጣ ይሆናል" አለችኝ። ሁለተኛው ባሰ። የነፍስ አባታችን ሊጠይቁኝ መጥተው ሳሎን እንደተቀመጡ፣ ጠርሙሶቹ ቁም ሣጥን ውስጥ ተራ በተራ ይፈነዱ ጀመር። አባ መስቀላቸውን ይዘው ብድግ አሉ። "ተሾመ፣ ምንድን ነው?" "ቢራ ነው አባ።" "እግዜር ያብርድልህ" አሉኝና ተቀመጡ።

ህሊና ስትሰማ ሳቀች። "ቸኩለው ነው ጋሼ። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ዘግተውበታል።"

ይህን እየተማርኩ ሳለ ነው ማኅበሩን የሚመሩት ጋሽ ጌታነህ የደወሉልኝ።

"ተሾመ፣ ሰዉ ርቆበት መምጣት አቅቶታል" አሉኝ። "መስከረም ያንተ ተራ ነው። እዚያው እንመራረቅና ማኅበሩን እንዝጋው። መጠጥ ብለህ እንዳትጨነቅ፣ ለስላሳ ይበቃናል።"

ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እናትሽ የመሠረቱት፣ አንቺ አንድ ወር ሳታጓድዪ ያቆየሽው ማኅበር በራስሽ ቤት ሊዘጋ ነው፤ ያውም በለስላሳ። መልሼ ደወልኩ።

"ለስላሳ እዚህ ቤት አይገባም። እኔ እጠምቃለሁ።"

"ማን? አንተ?" ሳቁ፣ ሳቁ፣ ሳላቸው እስኪነሳ ድረስ።

ገብሱን ራሴ ነከርኩት፤ ራሴ አበቀልኩት። ክረምት ስለሆነ ደጅ ማስጣት አልተቻለም፤ ሶፋውን ግድግዳ ድረስ ገፍቼ ሳሎን አሰጣሁት። ብታዪኝ ቤቱን ጥለሽ ትወጪ ነበር። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በውጭ አበባ ፈንታ ጌሾ ብጨምርበትስ? ህሊናን አማከርኳት።

"ጌሾ በቢራ?" ብላ አገጯን ያዘች። "ቅጠሉን ትንሽ ብቻ ያፍሉት። እኔም ማየት እፈልጋለሁ።"

በዚህኛው አልቸኮልኩም። ባልዲው ትንፋሹን ጨርሶ ጸጥ እስኪል ጠበቅኩት፤ ጠርሙስ ከገባ በኋላም እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ።

የሚካኤል ዕለት ሰዉ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየረ መጣ። እትዬ ደስታ በሶስና ክንድ ተደግፈው ገቡ። አባ ጽዋውን ከመባረካቸው በፊት አሸተቱት።

"ምን ምን አለበት?"

"ገብስ፣ ጌሾ፣ ውሃና እርሾ ነው አባ።"

"ታዲያ ምን ጎደለው" ብለው ባረኩት።

እትዬ ደስታን ታውቂያቸዋለሽ፤ ካንቺ በቀር የማንንም ጠላ ሳያሙ ጠጥተው አያውቁም። ተጎነጩና ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ቤቱ ሁሉ እሳቸውን ነው የሚያየው። እኔ ማሰሮ እንደሰበረ ልጅ ቆሜያለሁ።

"ማን ጠመቀው?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"ውሸታም" አሉኝና ብርጭቆውን ዘረጉ። "ጨምርልኝ።"

ውብዬ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በሠርጋችን ቀን ብቻ ነው የማውቀው።

ጋሽ ጌታነህ ሊናገሩ ተነሱ። የመዝጊያ ንግግራቸውን አዘጋጅተው ነበር፤ ብርጭቆው ግን እጃቸው ላይ ነው፣ ሁለተኛው ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ለመሆኑ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ማን ነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ እትዬ ደስታ። "አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍትም የለው። እንደምንም ትወጣላችሁ። መጠጡን ተሾመ ይጠምቅልኛል።"

ስለ መዝጋት ያነሳ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ለህሊና ጠርሙስ ወሰድኩላት። ጠጥታ ጨረሰችና "ጋሼ፣ ይህን በትልቁ ጋን አብረን እንጥመቀው" አለችኝ። ቦቲ ጫማ አድርጌ ከመስታወቱ ወዲያ ገባሁ። ሲደርስ ስም አውጣለት አሉኝ። ያንቺን ላወጣለት አስቤ ነበር፤ ግን ጎረምሳ ሁሉ "አንድ ውቢት አምጪልኝ" እያለ ሲጮህ ታየኝና ተውኩት። ዶሮ ማነቂያ አልኩት።

ባለፈው ቅዳሜ ጋኑ ተከፈተ። ወሬው እንዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ከሰፈር የተነሱት ሁሉ ከያሉበት መጡ፤ ወንበር ጠፍቶ ሰዉ ቆሞ ጠጣ። ያ የፈረሰ ሰፈር ስሙ ከዚህም ከዚያም ሲጠራ ብትሰሚ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቀ። የጥርስ ሐኪሙ ባንኮኒው ላይ ካልወጣህ ብሎ ያዘኝ፤ ጉልበቴ እንቢ አለኝ እንጂ እወጣ ነበር።

ደስታዬን የምነግረው ሰው አላጣሁም። ግን ድሮ መጀመሪያ የምነግረው ላንቺ ስለነበር፣ ሳልነግርሽ የሆነ ነገር ሁሉ ገና ያልሆነ ይመስለኛል።

ነገ ሚካኤል ነው፤ የእትዬ ደስታ ተራ። ጀሪካኑን ይዤ አራቱንም ፎቅ እወጣዋለሁ። አባ የተለዩንን ስም መጥራት ሲጀምሩ የክርስትና ስምሽን፣ "ወለተ ማርያም" የሚለውን፣ እኔ እቀድማቸዋለሁ። በየወሩ፣ ድምፅ እስካለኝ ድረስ፣ ከፍ አድርጌ።

ባልሽ ተሾመ