የወጌሻው በርና የላኩለት ሰዎች

እኔ እንግዳ ክብረት፣ ዕድሜዬ ሰባ አንድ ዓመት፣ ሥራዬ ወጌሻነት፣ መኖሪያዬ አዲስ አበባ ነፋስ ስልክ፣ ዛሬ ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 1990 ዓ.ም. ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ፣ በገዛ ቤቴ በአልጋዬ ላይ ተቀምጬ ይህን የመጨረሻ ፈቃዴን አስጽፌአለሁ። ሐኪሞች ልብህ ደክሟል ብለውኛል። አእምሮዬ ግን ጤነኛ ነው። ግራ መጋባቴን አልክድም። ጸሐፊዬ አቶ አምሐ፣ በፍርድ ቤት ደጅ ሠላሳ ዓመት ማመልከቻ የጻፈ ሰው፣ «ግራ ተጋብቻለሁ የሚል ቃል ኑዛዜ ውስጥ አይገባም፤ ነገ መሻሪያ ይሆናል» አለኝ። «ግራ መጋባት እብደት አይደለም። ያበደ ሰው ሁሉም ነገር የገባው ነው። ጻፈው» አልሁት። ጽፎታል።

በቅድሚያ ስለ ቤቴ። ግማሹ ቀድሞም የባለቤቴ የወይዘሮ ተሾመች ነው። የእኔንም ግማሽ፣ በመንገዱ በኩል ካለችው ሕመምተኛ ከማይባት ክፍል በስተቀር፣ ለእርሷ ሰጥቻለሁ። አርባ ዓመት ቁርሷን ብቻዋን በልታለች። እኔ ጎህ ሲቀድ እወጣ ነበር። የት ትሄድ ነበር ብሎ ለሚጠይቅ፣ ልታወቅ እሄድ ነበር። ስሜንና ሥራዬን የሚናገር፣ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት በየመብራት እንጨቱ እለጥፋለሁ። የማላውቀው ሰው ሞቶ ድንኳን ሲተከል ገብቼ እቀመጥና የሚያነክስ ሰው በዓይኔ እፈልጋለሁ። ጋርመንት ታክሲ ማቆሚያ ወያሎቹን ስሜን ጥሩልኝ እያልሁ እለምናለሁ። ኳስ ሜዳ ዳር ቆሜ የሚወድቅ እጠብቃለሁ። ሰው ሲወድቅ ደስ የሚለኝ ሰው ሆኜ ነበር፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ተሾመች «እጅህ በደንብ ያሸ እንደሆነ ሰው ራሱ ይመጣል» ስትለኝ፣ «አንቺ የከተማ ሥራ አይገባሽም» እላት ነበር።

ልጄ ጸጋአብ የመድን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የራሱ ቤትና ትዳር አለው። ለእርሱ የግድግዳ ሰዓቴን፣ ካፖርቴንና መጻሕፍቴን ትቻለሁ። የመንገድ ዳሯን ክፍል እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ክፍሏን ለወይዘሪት ዝማሬ ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ጸጋአብ ተነሥቶ «አባዬ፣ ዘመድ ላልሆነች ሴት?» አለ።

«ተቀመጥ፤ ምክንያቱን ላስጽፍ» አልሁት። ተቀምጧል።

ምክንያቱ ይህ ነው። በ1986 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ ወይም ግንቦት መጨረሻ፣ ዝማሬ ከሆሳዕና መጥታ በልብስ ስፌት ፋብሪካ የስፌት መኪና ላይ ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትወጣ ጭቃ አንሸራትቷት የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። በማግሥቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ደጃፌ ደረሰች። ተሾመች ለቅሶ ሄዳለች፤ እኔም ኳስ ሜዳ ወረቀት እያደልሁ ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ሁለት መቶ ወረቀት ጨርሼ ደስ ብሎኝ ስመለስ፣ ከደጃፌ ፊት ለፊት ጋዝ የምትሸጠው ጎረቤቴ ወይዘሮ ቀመሪያ «አንዲት ልጅ እጇን ታቅፋ ቀኑን ሙሉ ዋለች» አለችኝ። «ተመልሳ ትመጣለች» አልሁ። እራቴንም በላሁ።

የተመለሰችው በዘጠነኛው ቀን ነው። ሌላ ሰው በገመድ አስሮላት አጥንቱ ተጣምሞ ይዟል። እንደገና ልሰብረው አልደፈርሁም።

«አባባ፣ ያን ቀን የት ነበሩ?» አለችኝ።

«ሰው ፍለጋ ወጥቼ።»

«ምን ዓይነት ሰው?»

«የታመመ ሰው።»

«እኔኮ ታምሜ እዚህ ነበርሁ» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ያ እጅ መኪና መያዝ ስላልቻለ ከሥራዋ ወጣች። በሦስተኛው ወር እንደገና መጣች። የመጣችው ልትከሰኝ መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን «በር ላይ እኔ ልቀመጥ። እርስዎ ከቤት አይውጡ። ለሚመጣው ሰው ቀንና ሰዓት እሰጠዋለሁ» አለችኝ።

«ታዲያ ማን ያስተዋውቀኛል?»

«እስከ ዛሬስ ማን እንዳስተዋወቀዎት ያውቃሉ?»

«ወረቀቱ ነዋ!»

«እስቲ እንጠይቃቸው» አለች።

በግራ እጇ መጻፍ ተምራ፣ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «ማን ላከዎት?» እያለች በደብተር መዘገበች። ተሾመች መጀመሪያ «ጴንጤ ናት፣ ሕመምተኛውን ስትሰብክ ትውላለች» ብላ ነበር። ቆይታ ግን ምሳዋን እርሷው ታቀርብላት ጀመር። በሦስት ወር መቶ አርባ ሰው መጣ። ወረቀት አይቶ የመጣ ሦስት። ከኳስ ሜዳ አምስት። በወያላ ጥሪ የመጣ አንድም የለም። ሃምሳ ስምንቱን የላኩት ቀድሞ ያሸኋቸው ሰዎች ናቸው። ሠላሳውን ወይዘሮ ቀመሪያ፣ ጋዝ ልትቀዳላቸው ስትል ሲያነክሱ እያየች፣ ሳትነግረኝ ልካቸዋለች። ለስምንት ሰው ብዬ በሳምንት አራት ቀን እዞር ኖሬአለሁ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጠዋት ማን ይመልስልኛል?

የቀሩት አርባ አራቱ ግን አንድ ስም ነው የጠሩት፤ ሞልቱ።

ዝማሬ «ሞልቱ ማነው?» አለችኝ። ሞልቱ ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እርሱም ወጌሻ ነው። አባታችን በ1972 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ወደ ፉሪ ወርዶ «የአባቴ እጅ ያለው እኔ ዘንድ ነው» ይላል ብለው ነገሩኝ። አላጣራሁም። አሥራ አራት ዓመት አላነጋገርሁትም። በወረቀቴም ግርጌ «በክብረት ስም ከሚነግዱ ሐሰተኞች ተጠንቀቁ» ብዬ አሳትሜ ነበር። እስከ ፉሪ ድረስ ሄጄ ለጥፌዋለሁ።

ለምን ሰው እንደሚልክልኝ ሊገባኝ ስላልቻለ ፉሪ ሄድሁ። የአንድ ሽማግሌ ቁርጭምጭሚት ይዞ ሲያሽ አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና ሥራውን ቀጠለ። እንደ ሕመምተኛ ተራ ይዤ ተቀመጥሁ። ተራዬ ሲደርስ ጠየቅሁት።

«ለምን ትልክልኛለህ?»

«ትከሻና ክንድ ነዋ የላክሁልህ።»

«እኮ፣ ለምን?»

«ወንድም ጋሼ፣ አባታችን እንዲያ ነው ያካፈለን። ከወገብ በላይ ለአንተ፣ ከወገብ በታች ለእኔ። ነፍሱ ልትወጣ ስትል ነው ያለው። አንተም እኮ ነበርክ።»

«ወረቀቴን አይተኸዋል?»

«ሰው አንብቦልኛል።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ትከሻ ትከሻ ነው» አለኝ። ከኋላዬ ያለውን ባለተራ ጠራ።

እኔ ያን ሁሉ ዓመት ጉልበት አሽቻለሁ፣ ቁርጭምጭሚት አስሬአለሁ። አንድም ሰው ለወንድሜ ልኬ አላውቅም። አባቴ ያን ቃል ሲናገር ነበርሁ ወይ? የማስታውሰው ቄስ ልጠራ መውጣቴን ነው። ቄሱን ይዤ ስመለስ አባቴ ይናገር ነበር ወይስ አርፎ ነበር? ተሾመች አንድ ቀን «ራስጌው ቆመህ ታለቅስ ነበር» ትለኛለች፤ ሌላ ቀን «አልነበርክም» ትላለች። ሞልቱ ያልተባለውን ተባለ ይል ይሆን? ከሆነስ፣ ሐሰተኛ ሰው ሕመምተኛውን አሳልፎ ለጠላቱ ይሰጣል? ተበድያለሁ ብዬ ስበድል ኖሬ ይሆናል። ወይም ሁለታችንም አንድ አንድ ነገር ብቻ ሰምተን ይሆናል። ሦስት ዓመት አሰብሁት። አላውቅም። ሊሞት ያለ ሰው ሁሉን ያውቃል የሚሉት ሐሰት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወረቀት አቆምሁ። ሰኞ ጠዋት ብቻ እወጣለሁ፤ እርሱም ያሸኋቸው ሰዎች እጃቸው ወይም ትከሻቸው እንዴት እንደያዘ ለማየት ነው። ሌላውን ቀን ቤቴ ነኝ፤ ቁርሴንም ከተሾመች ጋር እበላለሁ። ሰው ግን ከበፊቱ ይልቅ በዛ። ይህም አልገባኝም። ዝማሬ ይገባኛል ትላለች፤ አስረድታኛለች፤ ሳዳምጣት ይገባኛል፣ ስትወጣ ይጠፋብኛል። ክፍሏን የሰጠኋት ስለ እጇ ካሣ ነው እንዳልል፣ እጅ ካሣ የለውም። በሬን ስለ ጠበቀች ነው እንዳልል፣ መጀመሪያ የጠበቀችበትን ቀን ምን ላደርገው ነው? ብቻ የእርሷ ይሁን። ጸጋአብ ሆይ፣ አትክሰሳት።

አባታችን ሕመምተኛ ያስተኛበት የነበረውን የዋንዛ አልጋ ለወንድሜ ለሞልቱ ሰጥቻለሁ። ጥፋቴን አምኜ ነው አልልም፤ ንጹሕ ነኝም አልልም።

ይህ ሲጻፍ ሞልቱ ራሱ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዝማሬ ናት ያስጠራችው።

አቶ አምሐ ጽሑፉን ከፍ ባለ ድምፅ ካነበበ በኋላ ምስክሮቹን ቆጠረ። አራት ያስፈልጋሉ። ወይዘሮ ቀመሪያ፣ አቶ አብዶና አቶ ጌቱ አሉ። አራተኛው አቶ ሚሳኤል የእድር ቀብር ጠርቶት አልመጣም።

«እኔ ልፈርም» አለ ሞልቱ።

አቶ አምሐ «እርስዎ ወራሽ ነዎት። ተጠቃሚ የሆነ ሰው ቢመሰክር ነገ ክርክር ያስነሣል» አለው።

«እንግዲያው አልጋው ይቅርብኝ።»

«የአባታችን አልጋ ነው እኮ!» አልሁት።

«አውቃለሁ።»

«ነገ ሌላ ሰው እናስጠራለን፤ አልጋህን ውሰድ።»

«ነገ ሐሳብህን ትለውጥ ይሆናል። ያልኸውን ዛሬ ነው የምመሰክረው።»

«የትኛውን?»

«አላውቅም ያልኸውን» አለኝ።

ተሾመች ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አሁንም አልገባኝም። አቶ አምሐ «ይህንንም ልጻፈው?» አለ። ጻፈው አልሁት።

ስለ ዋንዛው አልጋ የተጻፈው ቃል በተናዛዡና በምስክሮች ፊት ተሠርዟል። አልጋው ለማን እንደሚሆን አልተወሰነም። የቀረው ሁሉ ተነብቦ፣ ቃሌ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ እንግዳ ክብረት፤ ፊርማ

ምስክሮች፦
ወይዘሮ ቀመሪያ፣ ጎረቤት፤ ፊርማ
አቶ አብዶ፣ ጎረቤት፤ ፊርማ
አቶ ጌቱ፣ የእድር ዳኛ፤ ፊርማ
አቶ ሞልቱ ክብረት፣ የተናዛዡ ወንድም፤ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ፣ ሁለት ጊዜ እንዲነበብላቸው ጠይቀው፣ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ

ጸሐፊ፦ አምሐ፤ ፊርማ