የብራዚሉ ዛፍ

የካቲት 3፣ ሰኞ

መኪናዋን ትናንት አሳጠብኩ። ዛሬ ጠዋት የፊት መስታወቱ ላይ የሚያጣብቅ ፍሬ፣ የወፍ ኩስ፣ ሦስት ቅጠል። ቅጠሉ ደግሞ የምሳ ሳህን ያህላል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! በራችን ላይ የቆመው ይህ ዛፍ ከእኔ ጋር ምን ጠብ እንዳለው አላውቅም… የሌላው ሰው መኪና እኮ ደህና ነው።

መሃል ከተማ፣ የመኪና ዕቃ ሱቅ፣ አርፍጄ ገባሁ። ሁለት የፍሬን ሸራ ሸጥኩ። ሙቀቱ አይጣል ነው።

ስመለስ ሚስተር ሙቱኩን በር ላይ አገኘሁት። የኮርታችን፣ የመኖሪያ ግቢያችን ማለት ነው፣ ኮሚቴ ሊቀ መንበር ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ አሥራ ሁለቱን ቤት እንደ ክፍለ ሀገር ያስተዳድራል። "ይህ ዛፍ ይቆረጥልኝ" አልኩት። "ሀገር በቀል ከሆነ አንነካውም፣ የኮርቱ ደንብ ነው። መጤ ከሆነ ግን ስብሰባ እንጠራለን፤ ስምንት እጅ ካገኘህ ይቆረጣል። ማስረጃ አምጣ።" ማስረጃ ከየት? ዛፍ ፓስፖርት አለው?

ልጄ ምርቃት ከስልኳ ቀና ሳትል መፍትሔ ሰጠችኝ። "አባ፣ ስለ ሀገር በቀል ዕፅዋት የሚያስተምሩ ክለብ አሉ። ኤቭሪ ሳተርደይ። ጀስት ጎ ኤንድ አስክ ዘም።" እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ መንገድ ላይ ይደክመዋል።

እሺ። ቅዳሜ ሄጄ ወረቀቴን ይዤ እመለሳለሁ።

የካቲት 8፣ ቅዳሜ

ሠላሳ ሰው ይሆናል። አብዛኛው ጡረተኛ፣ ሁሉም ባርኔጣ። ሰብሳቢዋ አርባ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሴት ናቸው፤ ምዋሊሙ ንዱታ ይሏቸዋል፣ አስተማሪ ንዱታ እንደ ማለት። አዲስ የመጣ ሰው ተነስቶ ስሙንና ስለ ዛፍ የሚያውቀውን መናገር አለበት አሉ። ተነሳሁ። "ረታ እባላለሁ። ኢትዮጵያዊ ነኝ። ያደግሁት ደን መሃል ነው፤ የማላውቀው ዛፍ የለም።"

አጨበጨቡልኝ።

ያደግሁት መርካቶ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቆሞ ያየሁት እንጨት የመብራት ምሰሶ ብቻ ነው። ምን አስዋሸኝ? እንጃ… ሁሉም ሲያየኝ አፌ ቀደመኝ።

ሲያልቅ ሴትየዋን ጠጋ ብዬ ስለ ዛፌ ጠየቅኳቸው።

"ቅጠሉ ምን ይመስላል?"

"ቅጠል።"

"ልጡስ?"

"ያው… የዛፍ ነው።"

በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ። "ምዜ፣ አንድ ቅጠል ይዘህልኝ ና።" እሳቸው ሰባ ሊደፍኑ ነው፣ እኔን ሽማግሌ ይሉኛል።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

ቅጠሉን ረሳሁት። ግን ምን ያደርጋል? የዛሬው ትምህርት ስለ መጤ ዕፅዋት ነበር። አቤት ደስታዬ! በየመንገዱ ፎቶ የምንነሳበት ጃካራንዳ እንኳ ከደቡብ አሜሪካ ነው የመጣው። የወፍ ቆሎም መጤ፣ ባሕር ዛፍም መጤ። ግማሽ ናይሮቢ የውጭ ዜጋ ነው ማለት ነው። ታዲያ የእኔው ጉድ በምን ይለያል?

የአባልነት ካርድ ሰጡኝ። አንገት ላይ የሚንጠለጠል፣ ከነፎቶው። ከኢሚግሬሽን ካገኘሁት መታወቂያ በጣም ያምራል፤ ያኛው ላይ የተያዘ ሌባ ነው የምመስለው።

የካቲት 16፣ እሑድ

ስብሰባው እኔ ሳሎን ውስጥ ተደረገ። ካርዴን አንጠልጥዬ ተናገርኩ። ሥሩ ቧንቧ ይሰብራል አልኩ። ውኃ ይጠጣል አልኩ። አንዷ "ከየት ነው የመጣው?" ብላ ጠየቀች። "ከብራዚል" አልኩ። ለምን ብራዚል? ትናንት ግድግዳው ላይ ባሳዩን የደቡብ አሜሪካ ካርታ ትልቋ አገር እሷ ነበረች። "የክለቡ ባለሙያዎች አረጋግጠውልኛል" ብዬም ጨመርኩበት።

ሚስተር ሙቱኩ እጅ ቆጠረ። ስምንት። ልክ ስምንት! ማን እንዳወጣ ማን እንዳላወጣ አላየሁም፣ ቁጥሩን ነበር የማየው። መጋቢት 20 ቅዳሜ ቆራጮች ይመጣሉ።

ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሥጋውንም ውሸቱንም ዛሬ ጨረስኩ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ወረቀት እንደሆነ አያስፈልገኝም፣ ክለቡን ለምን አልተውኩም? ካሩራ ደን ይዘውን ሄዱ። ሦስት ሰዓት በእግር። ሐኪሙ ስንት ጊዜ "ተራመድ" ብሎኝ እምቢ ያልኩት ሰውዬ!

ቅጠል ማየት አስተማሩን። ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚበቅለው ወይስ እየተፈራረቀ? ጠርዙ ጥርስ አለው? ጀርባው ይሻክራል? መቅጠፍ ክልክል ነው፤ በእጅ መዳሰስ ብቻ። ክትክታን አወቅኩ። አጋምን አወቅኩ። ስማቸውን በአማርኛ ስነግራቸው ሁሉም ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። የኔን ቃል የሚጽፍ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ…

ስመለስ እትዬ ኩለሱም እንደ ልማዳቸው ከዛፉ ሥር ፕላስቲክ ወንበራቸው ላይ ናቸው። የሞያሌ ሰው ናቸው፣ ጎረቤቴ፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ቤታቸው ቆርቆሮው ዝቅ ያለ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ይግላል። "ነገ ረመዳን ይገባል፣ እንግዲህ ሁላችንም ጾመኞች ሆንን" አሉኝ። ሳቅን።

የካቲት 29፣ ቅዳሜ

እንዴት ብዬ ልጻፈው?

ንጎንግ በኩል ወዳለው ደን ሄድን። ነፋስ የጣለው ትልቅ ቅርንጫፍ መንገድ ዘግቶ ነበርና ጠባቂዎቹ በመጋዝ ቆርጠውታል። ምዋሊሙ ንዱታ ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። እኔ ዓይኔ ከተቆረጠው ላይ አልነሳ አለ። ቀረብኩ። በአውራ ጣቴ አሸት አደረግኩት። ቀለሙ፣ መስመሩ…

"ዋንዛ!" ብዬ ጮኽኩ።

አባቴ አናጺ ነበር። ቁምሳጥን፣ አልጋ፣ ብፌ። ዋንዛ ካልሆነ ጣውላ አይነካም። ያደግሁት ሰጋቱራ እየጠረግኩ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ከመቶ ጣውላ ዋንዛውን አወጣለሁ። በዋንዛ ነው የተማርኩት፣ በዋንዛ ነው የበላሁት። ቆሞ ግን አይቼው አላውቅም! ለእኔ ዋንዛ በጭነት መኪና የሚመጣ፣ አራት ማዕዘን ያለው ነገር ነው።

ሁሉም አጨበጨቡ። ምዋሊሙ ንዱታ እጄን ጨበጡኝ። "ልክ ነህ፤ ሳይንሳዊ ስሙ ኮርድያ አፍሪካና ነው። ያው አፍሪካ ስሙ ላይ ተጽፏል። በል ቀና ብለህ ቅጠሉን እየው።"

ቀና አልኩ።

የምሳ ሳህን ያህላል። ሻካራ። ትንንሽ ቢጫ ፍሬ፣ የሚያጣብቅ…

ከዚያ በኋላ ያሉትን አልሰማሁም።

መጋቢት 1፣ ሰኞ

ጠዋት በራችን ላይ ቆሜ ዳሰስኩት። አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ ኖሯል፤ ዛሬ ገና ነው የነካሁት። ጥርጥር የለውም፤ ዋንዛ ነው።

ነገ ለሙቱኩ እነግረዋለሁ። ቀላል ነው። "ተሳስቻለሁ።" አንድ ቃል።

መጋቢት 2

አልነገርኩም። ሱቅ ሥራ በዛ።

መጋቢት 4

ሥራ አልበዛም። ኢሚግሬሽን መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ ተሰልፌ ዋልኩ፣ ለማሰብ በቂ ጊዜ ነበረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከስብሰባው ወዲህ ኮርቱ ሁሉ "ፕሮፌሳ" ይለኛል። ዘበኛው በር ሲከፍት ሰላምታው ተቀይሯል። የሙቱኩ ሚስት አበባዋ ለምን እንደጠወለገ ጠየቀችኝ። "ውኃ በዝቶበታል" አልኳት። (ዳነላት! እኔም ገረመኝ።)

ሃያ ስድስት ዓመት ናይሮቢ ስኖር አንድም ሰው ፕሮፌሳ ብሎኝ አያውቅም። "ወንድም፣ የፊልተሩ ዋጋ ስንት ነው?" ነው የሚሉኝ። ተሳስቻለሁ ብል እኮ አይበቃም። "ባለሙያዎች አረጋግጠውልኛል" ያልኩትስ? እሱ ስህተት አይደለም።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ምርቃትን በዘዴ ጠየቅኳት። "አንድ ሰው፣ የማውቀው ሰው፣ ሰው ፊት የማያውቀውን ነገር አውቃለሁ ቢል…"

"አባ፣ ዛፉ ነው አይደል?"

ይህች ልጅ በማን ወጣች?

"ጀስት ቴል ዘም። የኮርቱ ዋትሳፕ ግሩፕ ላይ ጻፈው። ቱ ሚኒትስ።"

"ውርደት በዋትሳፕ?"

"ፊት ለፊት ከሚሆን አይሻልም?"

ሁለቱም አይሻሉም። ጽፌ ነበር። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ። "ውድ ጎረቤቶቼ" ካልኩ በኋላ የሚቀጥለው ቃል አልመጣም።

መጋቢት 12፣ ዓርብ

እትዬ ኩለሱም ጀንበር እስክትጠልቅ ከዛፉ ሥር ይቆያሉ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። እንዴት ይቀዘቅዛል! ከመንገዱ ማዶ አስፋልቱ ይንቀለቀላል፣ እዚህ ነፋስ አለ።

"እትዬ፣ ሲቆረጥ የት ሊቀመጡ ነው?"

"ቤት አለኝ እኮ" አሉ። ወንበራቸውን ወደ ግንዱ አስጠጉ። ከዚያ ደግሞ፣ "አንተ ረታ፣ መጤ ነው ያልከው አይደል? እኛም መጤ ነን። እኛን ማን ቆረጠን?"

እየቀለዱ ነው። እኔ ላብ አጠመቀኝ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፣ አዛን ተሰማ፣ ቴምራቸውን አወጡ። የሰው ማፍጠሪያ ላይ ይህን ማውራት ይገባል? አይገባም። ደግ ሰው ነኝ፣ ሰበብ አላጣም።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ዛሬ የሙቱኩን በር አንኳኳሁ። ቻይ አመጣልኝ፤ ወተት አለበት ብዬ ተውኩት። "ፕሮፌሳ፣ አንተን የመሰለ ሰው ኮርታችን ውስጥ በመኖሩ ኮርተናል። ለአማቾቼ ሁሉ ስላንተ ነገርኳቸው።"

"አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ።

ነገ ክለቡ ጉዞ አለው። ምዋሊሙ ንዱታ ስለ ዋንዛ ለአዲሶቹ እንድናገር ጠይቀውኛል፤ አሥር ደቂቃ፣ እኔ ብቻ። መቅረት አይሆንም። ስምንት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ። ቆራጮቹ እንደሆነ በቀጠሮ አይመጡም። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እዚህ ኮርት በተባለው ቀን የተሠራ ነገር አላየሁም፤ የውኃ ታንከሩን ለመጠገን ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ስመለስ በቀጥታ ሙቱኩ ቤት ገብቼ እናገራለሁ። በቃ። ቆርጫለሁ።

መጋቢት 20፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጡ።

ሳሎናችን እንዲህ ብርሃን ገብቶበት አያውቅም። ሙቀቱ ግን አያስቀምጥም። ግንዱ አራት ቦታ ተቆርጦ መንገድ ዳር ተኝቷል። አየሁት። ቀለሙን አየሁት። አባቴ ቢያየው ስንት ቁምሳጥን እንደሚወጣው ይነግረኝ ነበር።

ዛሬ ስለ ዋንዛ ሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። አሥር ነበር የተፈቀደልኝ። እዚያ ሲያጨበጭቡልኝ እዚህ በመጋዝ ይቆርጡት ነበር። አፍሬያለሁ። ሌላ ቃል የለውም።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ የሙቱኩን በር አንኳኳሁ። ሁሉንም ነገርኩት፣ ብራዚሉንም ካርታውንም። ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ፕሮፌሳ፣ ዛፍ የሚወድ ሰው ሲቆረጥ ማዘኑ አይቀርም። ራስህን አትክሰስ።" አላመነኝም! የዋሸሁትን አምኖ እውነቱን አላምን አለ።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

ኢድ ነው። እትዬ ኩለሱም ቤት እንኳን አደረሰዎ ልል ሄድኩ። በሩ ተከፍቷል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል፣ እሳቸው ባለቀለም ልብሳቸውን ለብሰው በካርቶን ያራግባሉ። ሙቀቱ ለሰው የሚሆን አይደለም። ጾመኛ መሆኔን አስታውሰው ለእኔ ለብቻ የጾም ሳምቡሳ አስጠብሰዋል፣ ምስር ያለበት። ይህ ነው ይበልጥ የገደለኝ።

ቁጭ ብዬ ተናገርኩ። ከመጀመሪያው። ምንም አላስቀረሁም።

እያራገቡ ሰሙኝ።

"እኔም እኮ እጄን አውጥቻለሁ" አሉ።

"እርስዎ?"

"ስምንተኛዋ እኔ ነኝ። ሰባት ላይ ቆሞ ነበር፣ ሰውየው ቆጥሮ ሊያበቃ ሲል አወጣሁ።"

"ለምን? እትዬ፣ እርስዎ እኮ ነዎት የሚቀመጡበት!"

"ሰው አላመነህም መሰለኝ። ካርድህን አንጠልጥለህ ላብ በላብ ሆነሃል። የአገሬ ልጅ በሰው አገር ስብሰባ ላይ ብቻውን ቆሞ ሲያፍር ልይ? ደግሞም ተምሮ መጥቷል፣ ያውቃል፣ ብዬ።"

ሳምቡሳው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። አለቀስኩ ብል ውሸት ነው፤ ትንሽ ግን ነበር የቀረኝ።

ማራገቢያቸውን አስቀመጡ። "ለመሆኑ ምን ነበር ዛፉ?"

"ዋንዛ።"

"ዋንዛ…" አሉ። "ሌላ ብንተክልስ? ጥላ ለመሆን ስንት ዓመት ይፈጃል?"

አምስት ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"አላውቅም፣ እትዬ። ቅዳሜ ጠይቄ እነግርዎታለሁ።"

"ቅዳሜ ሩቅ ነው" አሉ። "ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ አሁን ደውለህ ጠይቅ።"