ሠላሳ ሁለቱን ሽቦዎች ያለ ስህተት ላስነቀሉልኝ ሊቀመንበር

ለተከበሩ የመኖሪያ ግቢያችን ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ የራዲዮ መምህሬም ለነበሩት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጤንነትዎን ነገር እጠይቃለሁ። ጣሪያዎ ላይ አዲሱን የአንቴና ምሰሶ ሲያቆሙ ወገብዎን እንዳይጎዱ ሰግቼ ነበር፤ በማግስቱ ቀጥ ብለው ሲራመዱ አይቼ ተጽናንቻለሁ። ይህን ደብዳቤ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ምስጋናዬ በሁለታችን መካከል ተደብቆ እንዳይቀር ነው።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ከስድስት ዓመት በፊት ከቤቴ ጀርባ ቋሚ አንቴናዬን ስተክል፣ በዝቅተኛው የራዲዮ ሞገድ ሩቅ ለመድረስ ምሰሶው የሥራው ግማሽ ብቻ እንደሆነ፣ ሌላው ግማሽ ከሥሩ እንደ ብስክሌት ጎማ ሽቦ በየአቅጣጫው የሚቀበረው መዳብ እንደሆነ የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ሠላሳ ሁለት ሽቦ አብረን ቀበርን። ሰባተኛው የውሃ ቧንቧውን ዞሮ እንዲያልፍ የመከሩኝም እርስዎ ነዎት። የሁሉንም አቀማመጥ በእጄ ስዬ አንዱን ቅጂ ለእርስዎ የሰጠሁት፣ ቤቴ ቢቃጠል እንኳ ስዕሉ ከታመነ ሰው ዘንድ ይተርፋል ብዬ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስዕሉን በጥንቃቄ ስላስቀመጡልኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር ከሥራ ስመለስ የግቢው አትክልተኛ ሽቦዎቼን ጠቅልሎ ደጃፌ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ ሁለት። ቧንቧውን የዞረው እንኳ ሳይበጠስ ወጥቷል። እንዴት እንዳገኘው ብጠይቀው በእጅ ጽሑፌ የተሞላውን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ ሊቀመንበሩ ናቸው የሰጡኝ። እንዲህ ያለ ካርታ ይዤ ቆፍሬ አላውቅም፤ የሳለው ሰው እጁ ይባረክ» አለኝ። ምርቃቱን ተቀብያለሁ።

ሦስተኛ፣ ቃለ ጉባኤው ግልጽ ስለሆነ አመሰግናለሁ። በተራ ቁጥር አምስት የእኔ ሽቦ ለሣር ማጨጃው ስለሚያሰጋ እንዲነቀል፣ በተራ ቁጥር ስድስት የእርስዎ ምሰሶ ጣሪያ ላይ እንዲቆም ተወስኗል። ሁለቱንም ያቀረቡት እርስዎ ነዎት። አንድ ስንዝር ከመሬት በታች የሚደርስ ማጨጃ እስካሁን አላየሁም፤ ማኅበሩ ከገዛ ግን እንኳን ደስ አለን። አዲሱ ሣር ተተክሏልና ዳግመኛ መቆፈር እንደሚያስቀጣም ተነግሮኛል።

አራተኛው ምስጋና አይደለም። ታላቅ ወንድሜ የሚሠራበትን የደሴት የአየር ትንበያ ጣቢያ ያውቃሉ። መርከብ የሚደርሰው በአራት ወር አንዴ ነው፤ የጣቢያው መስመርም ለቤተሰብ ጉዳይ አይፈቀድም። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስትጠልቅ በራዲዮ ስንነጋገር ኖረናል። ሽቦዎቹ ከወጡ ወዲህ እኔ እሱን እንደ ቀድሞው ጥርት አድርጌ እሰማዋለሁ፤ የእኔ ድምፅ ግን ከሥሩ መዳብ ስለሌለው አፈሩን አሙቆ ይቀራል። ተቀምጬ ሲጠራኝ እሰማለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ራዲዮዬ የተበላሸ መስሎት ቀለደ። በሁለተኛው አሞኝ እንደሆነ ጠየቀ። አሁን የሚያወራው በሚቀጥለው መርከብ ሥራውን ጥሎ መቃብሬን ሊያይ እንደሚመጣ ነው። ለዚያ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ደጅ ጠንቷል። መርከቡ የሚደርሰው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው።

ከአዲሱ ምሰሶዎ «አለ» የምትል አንዲት ቃል እንዲያደርሱልኝ ቤትዎ መጥቼ ለምኜዎት ነበር። የሌላ ሰው መልእክት ማስተላለፍ በኮሚቴ የሚታይ ጉዳይ እንደሆነ፣ ኮሚቴውም በወሩ መጨረሻ፣ መርከቡ ከሄደ በኋላ፣ እንደሚሰበሰብ አስረዱኝ። በር ላይ ሳያቆሙ፣ ወንበር ስበው አስቀምጠው ስለነገሩኝ ውለታዎ አለብኝ።

ከማይሰማ አክብሮት ጋር፣
ተማሪዎ የነበርኩት፣ የአጥር ጎረቤትዎ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ወንድሜ ትናንት እኔን መጥራቱን ትቶ እርስዎን ጠርቶ ስለ እኔ ሲጠይቅዎት ሰምቻለሁ። ድምፁ በጣም ጥሩ እንደሚደርስዎት ነገሩት። ስለ ሽቦዎቹ እንዳይጠይቅዎት ይሆናል፣ ስለ እኔ «ቤቱን ሳይለቅ አልቀረም፤ ካየሁት ቆይቷል» አሉት። ከራዲዮዎ ጠረጴዛ ፊት ለፊት መብራቱ በርቶ የሚታየው መስኮት የእኔ ነው።