ምትክ ለገባችልኝ ስለከፈልኩት ግማሽ ደመወዝ

ለክቡር አቶ ጥዑመልሳን፣
በካርቱም የሠራተኞች መረዳጃ ማኅበራችን ሊቀመንበር፤

አሰላሙ ዓለይኩም እያልኩ፣ እርስዎ ክርስቲያን ስለሆኑ ጤና ይስጥልኝ ብዬም እደግመዋለሁ፤ ሰላምታ እንደ ደመወዝ ስላልሆነ ቢጨመር ማንንም አይጎዳም።

ሙሚና እባላለሁ፤ እዚሁ ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር በማዳም ኒዕማ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ያገለገልኩ የቤት ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ፣ ማንም ከዚያ በታች እንዳይቀጠር ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይወሰንልን እያልኩ ጠረጴዛ ስደበድብ የሻይ ብርጭቆዎን የደፋሁት እኔ ነኝ። እርስዎም በትዕግሥት ሰምተው፣ ሥራችን ትምህርት እንደማይጠይቅ፣ ምግብና መኝታም እንዳለን አስረድተው ስላጽናኑን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቅሬታዎቼ ግን እነሆ፤

፩ኛ. የመጀመሪያው በራሴ ላይ ነው። ከስብሰባው በሳምንቱ እናቴን ልጠይቅ ወሎ ስሄድ፣ ቦታዬን እንድትጠብቅልኝ እንደኔው የማኅበራችን አባል የሆነችውን ከውሰርን ተካሁ። በእኛ በሠራተኞቹ ልማድ ምትክ የገባች ልጅ ግማሹን ትወስዳለች፣ ግማሹ የባለቦታዋ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከውሰር ደረጃ ስትወለውል፣ እኔ ደሴ ተጋድሜ የደመወዙን ግማሽ በላሁ። ወይ ጉዴ! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

፪ኛ. ከውሰር ለልጇ ጫማና ደብተር መላኪያ አጥታ ደወለችልኝ፤ በስብሰባው ከሁሉ በላይ ያጨበጨበችልኝ እሷ ስለነበረች፣ ንግግሬን ቃል በቃል መልሳ ደገመችልኝ። ከአፌ የወጣው ግን የእርስዎ መልስ ነበር፤ ምግብ እንዳላት፣ ልምድ እንደምታገኝ፣ ካልፈለገችም በር ላይ የቆሙ ብዙ እንዳሉ አስረዳኋት። አልቅሳ ዘጋችው። ለካ እንደ እርስዎ ለመናገር ወንበር አያስፈልግም፣ ትንሽ ጥቅም ይበቃል! በጣም አፈርኩ።

፫ኛ. ስለዚህ ወለሉን ሲወስኑ ምትክ የገባችውንም እንዲጨምሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ፤ በገዛ ፈቃዴ ደግ መሆን እንደማይሆንልኝ አይቼዋለሁና።

በሰው ገንዘብ ለጋስ፣ በራሷ ግን ቆንቋና የሆነችው ታዛዥዎ፣
ሙሚና ኢሳ
ሪያድ፣ ካርቱም፣ ጥቅምት ፳፻፲፭ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ጁምዓ ከውሰር ያለችበት ሳጃና ሰፈር ድረስ ሄጄ የበላሁባትን ግማሽ መለስኩላት። አመመኝ፤ ሁለት ቀን እህል አልወርድ አለኝ፤ ግን ወላሂ አልሞትኩም። ሳሃፋ ሰፈር ባለው ቤትዎ ሻይ የምታቀርብልዎትን አብራርን ስንት እንደሚከፍሏት ጠይቄያታለሁ። እርስዎም ይሞክሩት፣ ኢንሻአላህ አይሞቱም።