ሁለት ሰማያዊ መስመር

ማክሰኞ
ዛሬ ስለ ተክል ሥር እያስተማርኩ ቀሚሴ ረጠበ። ትንሽ ነው። ሽንት መስሎኝ አፈርኩ፤ በደብተር ከልዬ ከክፍል ወጣሁ። እርግዝናዬ ስምንት ወር እንኳ አልሞላውም። አማቴ እማማ አስካለ፣ «ልጁ ፊኛሽን ተጭኖት ነው፤ እኔንም እንዲህ ያደርገኝ ነበር» አሉኝ። ልቤ ግን አላረፈም። ሽታው የሽንት አይደለም።

ረቡዕ
ከእማማ አስካለ ጋር ራቤል ከተማ ጤና ጣቢያ ሄድን። አዋላጇ ሲስተር ብዙነሽ መረመረችኝ። «ሳል አድርጊ» አለችኝ፤ ምንም አልፈሰሰም። «በዓይን አይለይም» ብላ ከመሳቢያ አንድ ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት አወጣች። የቀራት እሱ ብቻ ነው። በጥጥ ናሙና ወስዳ በፈሳሽ በጠበጠችና ወረቀቱን ነከረችው።
«አንድ መስመር ከወጣ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ሁለት ከወጣ የእንሽርት ውሃ ነው።»
አምስት ደቂቃ። እማማ አስካለ ጸሎት ያዙ።
ሁለት ሰማያዊ መስመር።
አምቡላንስ ተጠራ። መንገዱን አልጽፈውም።

ሐሙስ፣ ሆስፒታል
ትናንት እንደገባሁ መርፌ ጀመሩልኝ፦ አንዱ ለኢንፌክሽን፣ አንዱ ለልጁ ሳንባ። «ሁለት ቀን ከቆየልሽ ሳንባው ይጠነክራል» አለኝ ሐኪሙ።
ወረቀቱ ምን እንዳየ ጠየቅኩት። ፕሮቲን ነው አለኝ። ስሙ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን ገባኝ። ሰውነትን እደግ የሚለውን ነገር አቅፎ ይይዛል፣ በልክ ይለቀዋል። በእንሽርት ውሃ ውስጥ እጅግ ብዙ ነው፤ ሽንት ውስጥ ግን የለም ማለት ይቻላል። የሚሠሩት የኔ ማህፀንና የልጁ ጉበት ናቸው።
ስምንት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ስለሚያሳድገው ስናገር ኖርኩ፤ ስለሚይዘው አንድም ቀን አላሰብኩም። ሆዴን በሁለት እጄ ያዝኩ።
ለእማማ አስካለ ነገርኳቸው። «ፍሬን አለው በይኛ!» ብለው ሳቁ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ግሩም ነው ሥራው። ያለ ልክ ቢያድግማ ምን ይኮን ነበር?»

ዓርብ
ትኩሳት የለኝም። ምጥ የለም። ልጁ ይራገጣል፤ በተራገጠ ቁጥር ተመስገን እላለሁ። ለሥራ ወደ ዓለም ከተማ ሄዶ የነበረው ባለቤቴ ደረሰ፤ ጫማው ጭቃ ብቻ። የመጨረሻውን የሳንባ መርፌ ተወጋሁ። ሁለት ቀኑ ሞላ! አሁንም ፈርቻለሁ።

ቅዳሜ
ረፋድ ላይ ወለድኩ። ሴት ናት። በጣም ትንሽ። አንድ አፍታ ዝም አለች፤ ያ ዝምታ ዕድሜዬን በላው። ከዚያ አለቀሰች። እማማ አስካለ እልልታቸውን ሲያቀልጡት ነርሷ ተቆጣቻቸው፤ እሷም እየሳቀች።
ሐኪሙ፣ «ትንፋሿ ደህና ነው። መጥባቷን እናያለን» አለ።
ራቁቷን ደረቴ ላይ አስተኝተውልኛል። ጡቴን ሁለቴ ሞክራ ተወችው። አሁን አፏን ከፈተች፤ እስክሪብቶውን ላስቀምጥ።