መልከጼዴቅን የተውክበት መንገድ

ለሚዜዬ፦

እንደምን ከርመሃል? ስኳርህ እንዴት ነው፣ ደም ግፊትህስ፣ ያ የግራ ጉልበትህስ? ለወጉ ብቻ አይደለም የምጠይቅህ። ይህን ደብዳቤ አንብበህ እስክትጨርስ ጤነኛ እንድትሆን እፈልጋለሁ። ዓይንህ እንዳይደክም፣ መነጽርህም እንዳይጠፋ እፈልጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ጥርሴ የራሴ ነው፣ በየጠዋቱ እዚህ ላስ ቬጋስ ሎን ማውንቴን የሚሉትን ኮረብታ በእግሬ ዞሬ እመለሳለሁ፣ የማንንም ክንድ አልደገፍኩም።

ጽሕፈቱን አይተህ ደንግጠህ ይሆናል። አዎ፣ እሷው ናት። የምትጽፍልኝ ያንተው ልጅ ስጦታ ናት። እኔ ፊደል እንዳልቆጠርኩ ታውቃለህ። በዚህ አፍሬ አላውቅም። የመንጃ ፈቃዱን በቃል ተፈትኜ ሠላሳ አንድ ዓመት እዚህ ከተማ ታክሲ ነድቻለሁ። ደብዳቤ የሚጽፍልኝም አላጣሁም። ጎረቤቴ ወልደሥላሴ አለ፣ ዲያቆኑ አለ። እሷን የመረጥኩት አውቄ ነው። ከአንተ አገር ከተመለስኩ አራት ወር ሆነኝ፣ አራቱንም ወር ጋሼ፣ አባዬ ምን አድርጎዎት ነው እያለች ስትነዘንዘኝ ከረመች። ዛሬ ኢንተርፕራይዝ በሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ ልጠይቃት መጥቼ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዢ፣ እየጻፍሽ ትሰሚዋለሽ አልኳት። አራስ ናት። ለአራስ እንዲህ ያለ ነገር ማውራት ነውር መሆኑን እኔ አላጣሁትም። ነውሩን በእኔ ላይ ጻፈው። ከምናገረው አንድ ቃል እንዳትቀንስ አስምያታለሁ።

የላክሃቸው ሦስት ሽማግሌዎች ባለፈው እሑድ መጥተው ነበር። አስቀመጥኳቸው፣ ምሳ አበላኋቸው። ሚዜህ ታረቀኝ ይላል፣ የልጄ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሳ መጥቼ ልቀፈው ይላል፣ ስጦታ ደግሞ ጋሼ ይምጣ ካላሉ አይመጣም ብላለች፣ ቃሉ ያለው አንተ ዘንድ ነው አሉኝ። አንደኛው ለማ፣ የምታውቀው ቀልደኛው፣ በዚህ ዕድሜያችሁ ተኳርፋችሁ መቃብር ውስጥ ልትታረቁ ነው ወይ ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ምን እንዳጣላችሁ ግን አናውቅም አሉ። እንዴትስ ያውቃሉ? አንተ የነገርካቸው መንገድ ላይ በሆነ ተራ ነገር ተቀያይመን ነው ብለህ ነው። መንገድ ላይ መሆኑን እውነት ተናግረሃል።

እንግዲህ መልሱን ከሥር ልጀምር፣ ስጦታም ትስማ።

በሰባ ሰባት ዓ.ም. ከመተማ ወዲያ ስንሻገር አራት ነበርን። እኔ፣ ባለቤቴ ዕንቁ፣ አንተና ታናሽ ወንድሜ መልከጼዴቅ። ዕንቁን ካገባኋት ገና ሦስት ወር ነበር፣ አንተ ሚዜዬ ነበርክ፣ መልኬ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ወደ ገዳሪፍ የሚሄደው መኪና ላይ የሁለት ሰው ቦታ ተገኘ። እኔና ዕንቁ ወጣን። መልኬን እጁን ይዤ ለአንተ ሰጠሁህ፣ ሚዜ ወንድም ነው አልኩህ፣ አንተም ራስህን ነቅንቀህ ተቀበልከኝ።

ስጦታ እዚህ ላይ እስክሪብቶዋን አንስታ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። ጥያቄውን አትጻፊው አልኳት።

በስምንተኛው ቀን ገዳሪፍ ብቻህን ደረስክ። ወባ ያዘው አልክ። እጄ ላይ አረፈ አልክ። ከዛፍ ሥር ቆፍሬ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጌ፣ ድንጋይ ከምሬበት፣ አባታችን ሆይ ደግሜለት መጣሁ አልክ። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ነው፣ በመድኃኔ ዓለም ቀን ነው የሄደው፣ ታድሏል አልክ። ዕንቁ እግርህን ልትስም ወደቀች። አስታወስክ? እግርህን። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት ሙሉ ሚያዝያ ሃያ ሰባት በመጣ ቁጥር ቤተ ክርስቲያን ስሙ ይጠራል፣ ዕንቁም እስከሞተችበት ዓመት ድረስ አንድም ቀን አላጓደለችም።

አሁን ወደ አንተ አገር ልምጣ። በጥር ጠራኸኝ። ከመሞታችን በፊት የአውስትራሊያን በረሃ ላሳይህ አልክ። እውነቱን ልናገር፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ወድጃቸው ነበር። ከአደላይድ ወደ ሰሜን ስንወጣ፣ አስፋልቱ አልቆ ቀዩ አፈር ሲጀምር፣ እነዚያ ተራሮች እንደ ዛገ ብረት ተደርድረው ሲመጡ ደስ ብሎኛል። በደረቁ የወንዝ መሄጃ ላይ የቆሙትን ባሕር ዛፎች እያሳየህ፣ የእኛ አገር ባሕር ዛፍ ዘሩ የመጣው ከዚህ ነው ስትለኝ ወርጄ ቅጠሉን አሽትቻለሁ። ያን ላንድክሩዘርህን እንደ አዲስ ሙሽራ በየቤንዚን ማደያው ስታሳጥበው ስቄብሃለሁ። ደግሞ አቧራ ይመጣል፣ ምን ያደርግልሃል ብልህ፣ አንተ የቬጋስ ሰው መኪና አታውቅም፣ የምታውቀው የታክሲ ሂሳብ የሚቆጥረውን ሚተር ነው አልከኝ። ሳቅን። ያ የመጨረሻው ሳቃችን ነው፣ አስቀምጠው።

በሦስተኛው ቀን የአገሩ ተወላጆች፣ አቦሪጂኖቹ፣ ወደሚያስጎበኙት ሸለቆ ገባን። የምታስጎበኘንን ሴትዮ ሁሉም አንቲ፣ አክስቴ እንደማለት፣ ይላታል፣ እኛም አንቲ አልናት። የሕዝቧ ስም ለአፌ ከብዶኛል፣ ትርጉሙ የአለት ሰዎች ማለት ነው አለችን። ድንጋዩ ላይ አያቶቿ የቀረጹትን አሳየችን። ክብ የተሠራው ውሃ ነው አለች፣ ይህ የካንጋሩ ዱካ ነው፣ ይህ የትልቁ ወፍ። ሌላ ቦታ ስንደርስ ሳትነግረኝ እኔ ቀድሜ፣ ይህ ውሃ ነው፣ እንስሳው ወደ ውሃው ይሄዳል አልኳት። ጨበጠችኝ። በሰባ አንድ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጻፈ ነገር አነበብኩ፣ ሚዜዬ። ያን ደስታ ነው በማግስቱ የነጠቅከኝ።

እዚያው ሸለቆ ውስጥ አንቲ ስለ ሙታን ነገረችን። በእኛ ቤት ሰው ሲሞት ስሙን ለረጅም ጊዜ አንጠራም፣ ፎቶውንም እናነሳዋለን አለች። አንተ ወዲያው ምን አልክ? ይህ ጥሩ ልማድ ነው፣ ለእኛም ይበጀን ነበር አልክ። ያን ጊዜ አልገባኝም። የሙት ስም ሐዘን ስለሚቀሰቅስ ነው ብዬ ተውኩት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በአፈሩ መንገድ ስንሄድ፣ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ አሮጌ መኪና ከሩቅ አየን። አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌና ሁለት ሴቶች እጃቸውን እያወዛወዙ። የአገሩ ሰዎች ናቸው። ይቆማል ብዬ ስጠብቅ ፍጥነት ጨመርክ። አቧራችንን አልብሰናቸው አለፍን። ቁም እንጂ ሰውዬ ብዬ ጮህኩብህ። ሌላ መኪና ይመጣላቸዋል አልክ። እነዚህን አታውቃቸውም አልክ። እየጮህኩብህ ስቀጥል ተናደድክና፣ በረሃ ላይ ለሁሉ የሚቆም ሰው አይደርስም፣ ያኔም ከመልኬ ጋር ቁጭ ብዬ ቢሆን እዚያው ነበርኩ አልክ።

ተናገርከውና አንተም ሰማኸው።

ይተነፍስ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩህ። መሪውን በሁለት እጅህ ጨብጠህ ፊት ለፊት አየህ። ውሃ ጠይቆህ ነበር ወይ አልኩህ። የመስታወቱን መጥረጊያ ከፈትከው፣ ጠብታ ዝናብ በሌለበት አገር። ያ መጥረጊያ ደረቁን መስታወት ሲፍቅ የሰማሁትን ድምፅ እስክሞት አልረሳውም። ቁም አልኩህ፣ አሁን ቆምክ።

ስጦታ አሁን እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች። ተነስታ ሕፃኑን አንስታ እያጠባች ነው።

ጀምራለች። ልቀጥል።

ከኋላ የውሃውን ጀሪካን አወረድኩ። አንተ ከመሪው አልተነሳህም። በዚያ ፀሐይ ጀሪካን ተሸክሜ በእግሬ ወደ ሰዎቹ ተመለስኩ፣ በሰባ አንድ ዓመቴ። ሞተሩ ግሎ ውሃ አልቆባቸው ነው፣ ከእኛ በፊት ሦስት መኪና አልፏቸዋል። ከወዴት ነህ አሉኝ፣ ከላስ ቬጋስ አልኩ። ሽማግሌው ሴቶቹን አይቶ፣ እነሱ እሱን አይተው፣ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በረሃ መሃል ከላስ ቬጋስ ውሃ ተሸክሞ የመጣ ጥቁር ሽማግሌ! ትልቋ ሴትዮ ወዲያ ራቅ ብሎ የቆመውን ላንድክሩዘርህን በጣቷ አሳይታ የሱ ሰው ነህ ወይ አለችኝ። አላውቀውም አልኳት። በእነሱ መኪና ከውሻቸው ጋር ተጣብቄ ሄድኩ።

መንገድ ላይ ሽማግሌው አንዱንም ኮረብታ ዝም ብሎ አላለፈም። ያ የእንዲህ ነው፣ ይህ የእንዲያ ነው፣ እዚህ ምንጭ አለ ይላል። አንድ ቦታ መንገዱን ለቅቆ ቆመ። ትንሽ የታጠረ መቃብር ነበር። ወርደው ደረቁን ቅጠል በእጃቸው ጠረጉ፣ እኔም አብሬ ጠረግኩ። ማነው ብዬ ስጠይቅ ትልቋ ሴትዮ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ስሙን አይጠሩትም። የት እንደተኛ ግን ያውቃሉ። እኔ የመልኬን ስም በየዓመቱ በካህን አፍ አስጠራለሁ፣ የት እንደወደቀ አላውቅም። የወደቀበትንም ቀን አላውቅም፣ ቀኑን ራስህ ፈጥረህ ነው የሰጠኸኝ። የበዓል ቀን መርጠህ! ዘንድሮ ሚያዝያ ሃያ ሰባት ቤቴ ዋልኩ። አባ ደውለው የመልከጼዴቅ ቀን አይደለም ወይ ሲሉኝ፣ አይደለም አልኳቸው።

ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ ያዘጋጀሁት መልስ እንዲህ ነበር። አይምጣ። የልጅ ልጁን በፎቶ ይይ፣ እኔ ወንድሜን በፎቶ እንኳ አላይም። ዕድሜውን ሙሉ እዚያ ቀይ አፈር ላይ ይቀመጥ። ይህን ልል ነበር። ስጦታ አላስጨረሰችኝም። ጋሼ፣ ይምጣ አለችኝ። ልትለምንልህ መስሎኝ ቱግ አልኩ። አባትሽ ነው፣ አንቺንም በሦስት ወርሽ ትቶሽ የወጣ አባት ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ልጄ ስሙ መልከጼዴቅ ነው፣ ይምጣና ይጥራው አለች።

ባሏ ናኦድ ዳይፐር ተሸክሞ ሲገባ ሰምቶ፣ የኔ እመቤት፣ አስተማሪዋ ይህን ስም ጠርታ ሳትጨርስ እኮ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል አላት። ዞር ብላ አየችው። እሺ ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ እዚህ ከተማ ስንት ቁማርተኛ ጭኜ ፊት አይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ፊት ግን አላየሁም። በቀለኛ እኔ ብቻ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካ በቀለኛዋ ልጅህ ናት።

ስለዚህ ና። ሰኔ አምስት አርባ ቀኑ ነው። ክርስትና አባቱ እኔ ነኝ፣ ሕፃኑን ግን ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር የምታቅፈው አንተ ነህ። ሰው ሁሉ፣ እነዚያም ሦስቱ ሽማግሌዎች፣ ማን ብላችሁ አወጣችሁለት እያሉ ሲጠይቁ መልሱን የምትሰጠው አንተ ነህ፣ ጮክ ብለህ። ከዚያ በኋላም ስትደውል መልኬ ደህና ነው ወይ ትላለህ። ሲታመም መልኬን ማረው ብለህ ትጸልያለህ። አድጎ፣ አያቴ፣ በማን ስም ነው የጠራችሁኝ ብሎ ሲጠይቅህ፣ ምን እንደምትለው ከአሁኑ አስብበት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። እውነተኛውን ቀንና እውነተኛውን ቦታ ትነግረኛለህ። ለአባ አይደለም፣ ለእኔ። ሕፃኑ እጅህ ላይ እንዳለ። ስለ እርቁ ያን ጊዜ አስብበታለሁ፣ ቃል ግን አልሰጥህም።

ስጦታ ይህን ስጽፍ፣ ማለቴ እኔ ስናገር እሷ ስትጽፍ፣ እኔ አጭር የተናገርኩትን ረጅም አድርጋ ጻፈችው። ማንበብ ባልችልም እጇን አያለሁ። ከኤርፖርት ወደ ስትሪፕ፣ ወደ ቁማር ቤቶቹ ጎዳና፣ በዙሪያ መንገድ የሚወስድ ሹፌር ለሠላሳ አንድ ዓመት አውቄያለሁ። ምን ጨመርሽ ብዬ አልጠየቅኳትም። ዓይኗን ስትጠርግ አይቼ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፣ ሚዜዬ። ስሙን ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ዓመት እንድትጠራው።

ያጀብከው ሙሽራ